ጥቆማው የሚጠፋበት ቦታ፦ በጅማ ታዳጊ ስፖርተኞችን ለሚያሠለጥኑ፣ ለሚመሩና ለሚያሳድጉ

ጅማ ውስጥ የታዳጊ ፕሮጀክት (የታዳጊዎች ማሠልጠኛ ቡድን) ልምምድ ከትምህርት ቤት መልስ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ይጀመርና 12 ሰዓት ላይ ያልቃል፤ ትንሽ ቆይቶ ይጨልማል። ዝናቡ ደግሞ የጅማ ዝናብ ነው፣ ክረምትን ጠብቆ አይመጣም። ሜዳው ሲጨቀይ ልጆቹ ወደ ዕቃ ክፍሉ ይገባሉ፤ የክፍሉ ቁልፍ አሰልጣኙ ኪስ ውስጥ ነው። ከደዶ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ፣ ከሊሙ የመጡት የሚያድሩት አሰልጣኙ በተከራየው ቤት ነው። ታኬታ የሚገዛው፣ የባጃጅ የሚሰጠው፣ የልደት ወረቀት የሚያስወጣው፣ ለሙከራ አዲስ አበባ ይዞ የሚሄደው ያው አንድ ሰው ነው። አብዛኛው አሰልጣኝ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ከራሱ ኪስ አውጥቶ፣ ለልጆቹ አዝኖ ነው። ይሁንና ቁልፉ፣ ገንዘቡ፣ ወረቀቱና ተስፋው ባንድ እጅ በተሰበሰበበት ቡድን ውስጥ፣ ያ ሰው ራሱ ጥቃት ቢያደርስባት ልጅ የት ሄዳ ትናገራለች? ከታዳጊ ቡድኖች ጋር የምንሠራ ሰዎች ይህን የጻፍነው ለዚህ ጥያቄ ነው።

ልጆች አይናገሩም ይባላል። ይናገራሉ። ለእኩያቸው፣ ማሊያ ለምታጥበው ሴት፣ ለምክትል አሰልጣኙ፣ ለስፖርት መምህራቸው ይናገራሉ፤ በግማሽ ቃል ነው እንጂ። «እሱ ቤት ማደር አልፈልግም»፣ «ማሳጅ ይቅርብኝ»፣ «ሌላ ፕሮጀክት ልቀይር»። ነገሩ የሚሞተው ከሰሚው ወዲህ ነው። ምክትሉ ለቡድን መሪው በቃል ይነግራል። ቡድን መሪው አሰልጣኙን ቡና ጋብዞ «ወሬ አለ፣ ተጠንቀቅ» ይለዋል። አሰልጣኙ ማን እንደተናገረ በዚያው ቀን ያውቃል፤ ልጅቷም በሚቀጥለው ቅዳሜ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ከዓመት በኋላ ጉዳዩ ሲፈነዳ ምክትሉ «ለበላይ አሳውቄአለሁ» ይላል፣ እውነቱን ነው። የበላዩም «በጽሑፍ የደረሰኝ ነገር የለም» ይላል፣ እሱም እውነቱን ነው።

ይህ የትንሽ ከተማ ወይም የድሃ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የጂምናስቲክ ብሔራዊ ቡድን ሐኪም በነበረውና በሕክምና ስም ልጆችን በወሲብ ባጠቃው በላሪ ናሳር ላይ አንዲት ታዳጊ እሱ ይሠራበት በነበረው በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለነበረች አሰልጣኝ የተናገረችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በ2014 ሌላ ሴት ለዩኒቨርሲቲው አቤት ስትል አጣሪዎቹ የጠየቁት እሱን የሚያውቁ የዚያው ተቋም ባለሙያዎችን ነበር፤ «ሕክምና ነው» ተብሎ ተዘጋ። በ2015 የአገሪቱ የጂምናስቲክ ማኅበር ጉዳዩን ከሰማ በኋላ ለኤፍ ቢ አይ እስኪያሳውቅ አምስት ሳምንት ገደማ ፈጀ፤ ኤፍ ቢ አይም ተኛበት። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ዋና ኢንስፔክተር በ2021 ባወጣው ሪፖርት እንደተገለጸው፣ ጉዳዩ በመርማሪዎች እጅ እያለ፣ ከጁላይ 2015 እስከ ኦገስት 2016 ባለው ጊዜ ብቻ 70 ገደማ ወይም ከዚያ የሚበልጡ ስፖርተኞች በሰውየው ተጎድተዋል። ነገሩን ያፈረጠው በ2016 ኢንዲያናፖሊስ ስታር የተባለ ጋዜጣ ነው። በ2018 መጀመሪያ ከ150 በላይ ሰዎች ፍርድ ቤት ቆመው ያደረሰባቸውን ከተናገሩ በኋላ ከ40 እስከ 175 ዓመት ተፈረደበት። ዩኒቨርሲቲው ለካሳ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

እንግሊዝም ከዚህ የተሻለ ታሪክ የላትም። በእግር ኳስ ውስጥ በሕፃናት ላይ የደረሰውን ጥቃት የመረመረውና በ2021 የወጣው ገለልተኛ ሪፖርት የአገሪቱ እግር ኳስ ማኅበር ከኦክቶበር 1995 እስከ ሜይ 2000 ልጆችን ለመጠበቅ በቂ ሥራ አለመሥራቱን በግልጽ አስቀምጧል። ሁሉም ቦታ መጀመሪያ የሰማ ሰው አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሰው ግን የሚያስበው ስለ ተቋሙ ስም ነው።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ወሬው በአፍ እንዳይዞር ማድረግ ነው። የሰማ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ይጽፋል፣ የተጻፈው ደግሞ ከክለቡ ውጭ ይወጣል። አሜሪካ ከናሳር በኋላ በ2018 ባወጣችው ሕግ በስፖርቱ ውስጥ ያለ አዋቂ የሰማውን በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያመለክት አስገድዳለች። የእኛ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 443 ወንጀልን ባለማሳወቅ የሚቀጣው ወንጀሉ ሞት ወይም ዕድሜ ልክ የሚያስፈርድ ሲሆን፣ ወይም ሰውየው በሕግ ወይም በሙያው ደንብ የማሳወቅ ግዴታ ሲኖርበት ነው። ይህን በር ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ ግዴታውን በክለባችሁ መተዳደሪያ ደንብና በእያንዳንዱ አሰልጣኝ የቅጥር ውል ላይ ጻፉት። አንድ መስመር ይበቃል፦ «በታዳጊ ላይ ጥቃት መድረሱን የሰማ ወይም የጠረጠረ ማንኛውም የክለቡ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ለክለቡ የሕፃናት ጥበቃ ተወካይና ለፖሊስ ያሳውቃል፤ አለማሳወቅ ከሥራ ያሰናብታል»። ተወካይዋ የአሰልጣኙ ዘመድ፣ የአሰልጣኙ አለቃ፣ ወይም በቡድኑ ውጤት አበል የምታገኝ ሰው አትሁን። ከወላጆች መካከል አንዲት የጤና ባለሙያ ወይም መምህርት ብትሆን ጥሩ ነው። ስልኳ በልምምድ ሜዳው ግድግዳ ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ ይለጠፍ።

ከውድድር ዘመኑ በፊት የሚስተካከሉት ነገሮች ጥቃቅን ናቸው፣ ብዙ ገንዘብም አይጠይቁም። የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ከአሰልጣኙ፣ ሌላው ልጆቹን ለመጠበቅ ከቡድኑ ጋር ከምትሆነው አጃቢ ዘንድ ይቀመጥ። ልጆች ውስጥ ካሉ በሩ ክፍት ነው፣ ይዘንብ አይዘንብ። ልምምዱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ያብቃ፤ የግማሽ ሰዓቷ ልምምድ የምታመጣው ውጤት በጨለማ ለብቻዋ ከምትሄድ ልጅ አይበልጥም። በረመዳን ልምምዱ ከአፍጥር በኋላ የሚገፋ ከሆነ የመመለሻው ነገር አስቀድሞ ይወሰን፦ ባጃጁ በቡድን ይያዝ፣ መጨረሻ የሚወርደው ልጅ ብቻውን እንዳይቀር ሁለት ልጆች አንድ ሠፈር ይውረዱ። አሰልጣኝ አንድን ልጅ ለብቻ በሞተር አያደርስም። «መንገዴ ነው» የሚለው ሰበብ ሁሌም ቅን ይመስላል።

ማሳጅ ለብቻው መነጋገር ያለብን ነገር ነው። የጥቃት መጀመሪያው እዚህ ላይ ሲሆን ልጁ ራሱ ጥቃት መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ናሳር አንዳንዴ እናትየው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ እያለች፣ በጀርባው እየከለለ ነበር የሚያደርገው። እንግዲህ «ሌላ ሰው ይኑር» ማለት ብቻውን አያድንም። ደንቡ የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚነካ መናገር አለበት። የምንመክረው እንዲህ ነው፦ ፍራሹ ሜዳው ዳር፣ ከተጠባባቂዎቹ አጠገብ ይነጠፋል። ቁምጣና ካናቴራ አይወልቅም። ወጌሻው ባት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበትና ትከሻ ይሠራል፤ ብሽሽት፣ መቀመጫና ደረት አይነካም። የብሽሽት ሕመም ያለባት ልጅ ወላጅ ወይም አጃቢ ይዛ ሆስፒታል ትሂድ፤ የብሽሽት ጉዳት ሐኪም ሳያየው ቢታሽ ሊባባስ ስለሚችል ለጤናዋም የሚሻለው ይኸው ነው። አሰልጣኝ ራሱ ማሳጅ አይሠራም። ወጌሻ የሌለው ቡድን ልጆቹ ራሳቸው ጡንቻቸውን እንዲያፍታቱ ያስተምር።

ለጨዋታ ወደ ሌላ ከተማ የሚደረግ ጉዞ ደንቡ የሚፈርስበት ዋናው ቦታ ነው፤ የሚፈርሰውም በገንዘብ ሰበብ ነው። አውቶቡሱ ሞልቷል፣ አልጋው ውድ ነው፣ አጃቢ ለመውሰድ በጀት የለም። መፍትሔው ደስ ባይልም ቀላል ነው፤ 22 ተጫዋች ከመውሰድ 20 ወስዶ ሁለቱን ወንበር ለሁለት አጃቢ መስጠት፣ ሴቶች ካሉበት ቢያንስ አንዷ ሴት። አልጋው ከመነሳታችሁ በፊት በስልክ ይያዝ፣ ይቆጠር፣ ቀብዱ ይከፈል። ማታ 3 ሰዓት ደርሳችሁ «አልጋ ሞልቷል» ስትባሉ «አንቺ እኔ ክፍል እደሪ» የሚል ሰው ይመጣል። ማን ከማን ጋር እንደሚያድር የሚያሳይ ዝርዝር ለወላጆች ከጉዞው በፊት በቴሌግራም ይላክ። አዋቂና ታዳጊ አንድ ክፍል አያድሩም። ጠዋት የሚቀሰቅሰው አጃቢ ነው፣ አንኳኩቶ፣ ከበር ውጭ ቆሞ።

ከወረዳ የመጡ ልጆች ማደሪያ ላይ አሰልጣኙ ቁልፍ አይኖረውም። ከተቻለ ልጁ ከቤተሰብ ጋር ይኑር። የጋራ ቤት ከሆነ አከራይዋ ግቢው ውስጥ የምትኖርበት፣ የወንዶችና የሴቶች የተለየ ይሁን፤ ሁለት ወላጆች ቀን ሳይናገሩ እየመጡ ይዩት። ኪራዩን ክለቡ በቀጥታ ለአከራይዋ ይክፈል፤ በአሰልጣኙ እጅ ከሄደ ልጁ ለማደሪያው የሚያመሰግነው እሱን ነው።

ዕድሜ ላይ ያለው ነገር ግን ከሁሉ የከፋ ነው፣ ሰው ስለሚያፍርበትም አይነሳም። ለታዳጊ ውድድር ዕድሜ ይቀነሳል፣ ለጎዳና ሩጫ ይጨመራል፤ ወረቀቱን የሚያስወጣው ደግሞ አሰልጣኙ ወይም ደላላው ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ በእጁ ነው፦ «ብትናገሪ ዕድሜሽን አወጣለሁ፣ ትታገጃለሽ»። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ደግሞ ሐሰተኛው ወረቀት ይመዘዛል፤ 16 ዓመቷ የሆነች ልጅ ወረቀቷ 19 ካለ ተከላካይ ጠበቃው የሚይዘው እሱን ነው። ስለዚህ ወላጆች፣ የልጃችሁን ዋናውን የልደት ምስክር ወረቀት ለማንም አትስጡ፣ ቅጂ ብቻ ስጡ። የክትባት ካርድ፣ የአንደኛ ክፍል ምዝገባ፣ የክርስትና ወረቀት ካለ በቤት ይቀመጥ። ዕድሜዋ ቀድሞ ከተነካ ያንን ፈርታችሁ ጥቃቱን አትደብቁ፤ ለመርማሪው እናንተው ቀድማችሁ ንገሩት፣ ሆስፒታልም የዕድሜ ምርመራ እንዲያዝ ጠይቁ። ከሌላ አፍ ከሰማው ግን የልጅቷ ቃል ሁሉ ይጠረጠራል።

ዱላ፣ ስድብ፣ ውሃ መከልከል፣ በሰው ፊት ክብደት መመዘን «ሥልጠና» እየተባለ ይታለፋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ መሆናቸውን ይናገራል። በብሪታንያ ጂምናስቲክ ላይ በ2022 የወጣው ምርመራ ከተቀበላቸው ከ400 በላይ አስተያየቶች ውስጥ ትልቁን ቦታ የያዘው እንዲህ ያለው የአካልና የሥነ ልቦና በደል ነው። በዱላ ዝም ማለት የለመደ ልጅ ለሌላውም ዝም ይላል፤ ልማዱ አንድ ዓይነት ነው።

አሁን ልጅቷ ተናግራለች እንበል።

ያዳምጧታል፣ አያቋርጧትም፣ «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል አይገቡላትም። የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው፦ ማን፣ መቼ፣ ዛሬ ማታ የት ነው የምታድሪው። «ነካሽ አይደል?» የሚል ጥያቄ አይጠየቅም፤ መልሱን የሰጣችኋት እናንተ ናችሁ ተብሎ ኋላ ይፈርሳል። ዝርዝሩን የሚጠይቀው መርማሪው ነው። ልጅቷ ለምክትሉ፣ ለቡድን መሪው፣ ለክለብ ፕሬዚዳንቱ፣ ለአክስቷ ስትደጋግም ቃሏ በየቦታው ትንሽ ይለያያል፤ ልዩነቱ ውሸት ተብሎ ይጠቀስባታል። ከዚያ በዚያው ቀን ትጽፋላችሁ፣ በራሷ ቃል። በኦሮምኛ ከነገረቻችሁ በኦሮምኛ ጻፉት እንጂ አትተርጉሙት። ሰዓቱ የቀን ወይም የማታ መሆኑ ይለይ። እንዲህ ያለ ነገር ይበቃል፦

«ሐሙስ ኅዳር 11፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ከሩብ፣ የሜዳው መውጫ በር አጠገብ። ‹ማታ ማታ መልእክት ይልክልኛል፣ እሱ ቤት ሁለተኛ አላድርም፣ እንደዚያ ቀን ያደርገኛል› አለችኝ። የጠየቅኋት ‹መቼ ነው?› ብዬ ነው፤ ‹የነቀምቴው ጨዋታ ጊዜ› አለችኝ። ሌላ አልጠየቅኋትም። የሰማ ሌላ ሰው የለም። ስም፣ ፊርማ።»

አስተያየት የለበትም፣ «የሚያሳዝን ነገር» የሚልም የለበትም። ሁለት ቅጂ ይሁን።

ለአሰልጣኙ አትንገሩት። «ፍትሕ ነው፣ እሱም ይሰማ» የሚል ቅን ሰው አይጠፋም፤ የሚሰማው በመርማሪ ፊት ነው። ቀድሞ ከሰማ መጀመሪያ የሚጠፋው ስልኩ ውስጥ ያለው ነው። ቴሌግራም ላኪው ከሁለቱም ወገን እንዲያጠፋ ይፈቅዳል፤ ልጅቷ ስልክ ላይ ያለው መልእክትም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ስክሪኑ ወዲያው በሌላ ስልክ ካሜራ ይነሳ። ምስጢራዊ ቻት ከሆነ አንድሮይድ ላይ ስክሪንሾት አይሠራም፣ አይፎን ላይ ደግሞ ለላኪው ይነግረዋል፤ በሌላ ካሜራ ማንሳት ሁለቱንም ያልፋቸዋል። ቀኑና ሰዓቱ ይታይ፣ የላኪው ስም ተነክቶ ስልክ ቁጥሩና የተጠቃሚ ስሙ የሚታይበት ገጽም ይነሳ፤ ስሙን ነገ ሊቀይረው ይችላል።

የግብረ ሥጋ ጥቃት ከሆነና ጊዜው ቅርብ ከሆነ ከፖሊስም ከወረቀትም በፊት ሆስፒታል። የኤች አይ ቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ከዚያ 28 ቀን ይወሰዳል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ አይሰጥም። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እስከ አምስት ቀን ይሠራል፣ በዘገየ ቁጥር ግን ኃይሉ ይቀንሳል። ካርድ ክፍል ላይ «የፖሊስ ደብዳቤ አምጡ» ብትባሉ ደብዳቤው ለማስረጃው ወረቀት እንጂ መድኃኒቱን ለማስጀመር አለመሆኑን ተናግራችሁ ሐኪም ይጠራልን በሉ። ከመሄዷ በፊት አትታጠብ፣ ልብሷን አትቀይር፣ አፍ ከነበረበት አትጉመጥመጥ። ልብሱ ከተቀየረ በፌስታል አይታሰር፤ ፌስታል ያልበዋል፣ እርጥበቱ ማስረጃውን ያበላሸዋል። እያንዳንዱ ልብስ በየራሱ ካኪ ፖስታ ወይም የወረቀት ከረጢት ይግባ። መቀየሪያ ልብስ ይዛችሁ ሂዱ። ሳምንት ወይም ወር ካለፈም ሕክምና መሄዱ አይቀርም፣ ሌላ ምርመራና የምክር አገልግሎት አለ። እርግዝና ከተገኘ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ከመደፈር ለመጣ እርግዝና ማቋረጥን ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 552 የሴቲቱን ቃል ብቻውን በቂ ያደርገዋል።

የሕክምናው ወረቀት ላይ አንድ ነገር ይታሰብበት። «ድንግልናዋ አልተነካም» የሚል ቃል ካለ ቤተሰብም መርማሪም «እንኳን ምንም አልሆነች» ይላል። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2018 የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ተናግረዋል፤ አለመቀደድ አለመደፈርን አያሳይም። ሐኪሙን የምትጠይቁት የታየው ጉዳት፣ የተወሰደው ናሙና፣ ልጅቷ የተናገረችው ቃልና የሥነ ልቦናዋ ሁኔታ እንዲጻፍ ነው።

ፖሊስ ጋ ስትሄዱ የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ የሚያየውን ክፍል ጠይቁ። ማመልከት የሚችለው ወላጅ ብቻ አይደለም፣ ማንም ሰው ይችላል፤ በዓይኑ ያየ መሆንም የለበትም። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ ማመልከቻው በዚያው ይጻፍ፤ የልጅቷ ቃል ግን በሚቀላት ቋንቋ ይሁን፣ አስተርጓሚው ደግሞ የሠፈሩ ሰው ወይም ስፖርት ውስጥ ያለ ሰው አይሁን። ቃሏ በወረቀት ከሠፈረ በኋላ ተነቦላት ካልተስማማች ይታረም እንጂ አትፈርም። የመዝገብ ቁጥሩን፣ የመርማሪውን ስምና ቀኑን ሳትይዙ አትውጡ። ለክለቡና ለፌዴሬሽኑ የምታስገቡት ደብዳቤም እንዲሁ፦ መዝገብ ቤት ገቢ ይደረግ፣ በእናንተ ቅጂ ላይ ቁጥርና ማኅተም ይምታበት። የጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ የተተወ ደብዳቤ አልገባም።

ስለ ሕጉ ወላጆች ማወቅ ያለባቸው ይህን ያህል ነው። ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ከሆነች ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ መፈጸም በአንቀጽ 626 ወንጀል ነው፤ «ወዳ ነው» የሚለው አያድንም። ተበዳይዋ የአድራጊው ተማሪ ከሆነች፣ ለጥበቃው በአደራ የተሰጠችው ከሆነች ወይም በሌላ መንገድ በእሱ ሥር ያለች ከሆነች ቅጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ከ13 በታች ከሆነች አንቀጽ 627 ከዚህም ይከብዳል። ወንድ ልጅ በወንድ ሲጠቃ የሚጠቀሰው አንቀጽ 631 ነው። የወንድ ልጅ ቤተሰብ «እሱም ይከሰስ ይሆን?» ብሎ ይፈራል፤ አይከሰስም፣ ተበዳይ ነው። በወንዶች ፕሮጀክት ውስጥ ዝምታው የበረታው በዚህ ፍርሃት ነው፣ ተወካይዋም ለወላጆች ስታስረዳ ይህን በግልጽ ትበል።

ከዚያ ሽማግሌ ይመጣል። ማታ፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ የአሰልጣኙን እናት ይዘው። ስለ ልጅቷ ስም፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ካሳ ይነሳል፤ አንዳንዴ «ያግባት» የሚልም አለ። ሽማግሌ አይናቅም፣ ይቀመጡ፣ ቡና ይፈላ። መልሱ ግን አስቀድሞ በቤተሰብ ይያዝ፦ «አባቶቼ አክብራችሁ መጣችሁ፣ ጉዳዩ ግን ከእጄ ወጥቷል፣ መንግሥት ይዞታል»። ይህ ማምለጫ ብቻ ሳይሆን ሕጉም ነው፤ ክሱ የዐቃቤ ሕግ እንጂ የቤተሰብ ስላልሆነ እርቅ አያቆመውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ተበዳይዋን በማግባት ከክስ ማምለጥን አስቀርቷል። በተግባር እርቅ ክስን የሚገድለው በሌላ መንገድ ነው፦ ልጅቷ ለምስክርነት እንዳትቀርብ ዘመድ ጋ ትላካለች። ተወካይዋ ሽምግልና መጀመሩን እንደሰማች ለመርማሪው በጽሑፍ ታሳውቅ።

ክለቡ በበኩሉ አሰልጣኙን ከልጆች ማራቅ አለበት። ደብዳቤው አጭር ይሁን፣ ወንጀል አይጥቀስ፣ የልጅ ስም አይጥራ፦ «የቀረበ አቤቱታ እስኪጣራ ድረስ ከዛሬ ጀምሮ ከታዳጊዎች ጋር ከሚያገናኝዎ ሥራ ታግደዋል፤ ደመወዝዎ አይቋረጥም፤ ከተጫዋቾች ጋር በስልክም ሆነ በአካል መገናኘት አይፈቀድልዎትም»። ደመወዙ መቀጠሉ ቅጣት አለመሆኑን ስለሚያሳይ ሥራ አስኪያጁ ለመፈረም ይቀለዋል። «ሦስት ጨዋታ ቀርቶናል» የሚል ሰው ይመጣል። ምክትሉ ይምራ። ክለቡ የራሱን አጣሪ ኮሚቴ አቋቁሞ ልጆቹን መጠየቅ አይጀምር፤ ሚቺጋን ላይ የሆነው ይኸው ነበር። ቲክቶክና ፌስቡክ ላይም አትለጥፉ። የአሰልጣኙ ስም በወጣ በሰዓቱ ሠፈሩ ልጅቷ ማን እንደሆነች ያውቃል፣ እናንተም በስም ማጥፋት ልትከሰሱ ትችላላችሁ።

ልጅቷ በቡድኑ ውስጥ ያላት ቦታ አይነካ። ከአቤቱታው በፊት የነበረችበት አሰላለፍ ይመዝገብ፤ ከወረደች ለምን እንደወረደች ምክትሉ በጽሑፍ ይመልስ። የቀጠሮ ቀን ከጨዋታ ጋር ሲገጥም ቀጠሮው ይቀድማል፣ መጓጓዣውን ክለቡ ይክፈል። መዝገቡ ሲጓተት መጀመሪያ የመርማሪው አለቃ፣ ቀጥሎ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ በጽሑፍ ይጠየቃል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ጅማ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው፣ አቤቱታ ለማቅረብ ክፍያ የለም።

ጥቆማ የሚጠፋበት የመጨረሻው ቦታ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። የታገደ አሰልጣኝ ብዙ ጊዜ ምርመራው ሳያልቅ ይለቅና ሌላ ከተማ ይቀጠራል። የሥራ ልምድ ማስረጃ የሠራተኛ መብት ስለሆነ መከልከል አይቻልም፤ ይሰጠው፣ የሥራ መደቡን፣ ዘመኑንና ደመወዙን ብቻ ይያዝ፣ «በመልካም ሥነ ምግባር» የሚለው ግን አይጨመር። በዚያው ቀን ለዞንና ለክልል ፌዴሬሽኑ የተለየ ደብዳቤ ይሂድ፦ አቶ እገሌ በዚህ ቀን በቀረበ አቤቱታ ታግደው ሳለ ማጣራቱ ሳያልቅ ለቀዋል፣ የፖሊስ መዝገብ ቁጥሩ ይህ ነው። ቀጣሪው ክለብ ደግሞ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ብቻ አይቶ አይርካ፤ ያ ወረቀት በሽምግልና ያለቀውን አያውቅም። ደብዳቤው ላይ ያለውን ስልክ ትቶ የቀድሞውን ክለብ ቁጥር ራሱ ፈልጎ ይደውልና እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ «ለምን ለቀቀ? ታግዶ ያውቃል? ታዳጊዎቹን መልሳችሁ ትሰጡታላችሁ?» መልሱን፣ የመለሰውን ሰው ስምና ቀኑን በአሰልጣኙ ፋይል ውስጥ ጽፎ ያስቀምጥ።